ፈርነስ ስትቀይሩ ጭሱ በየት ይውጣ? የጋዝ ፈርነስ አገጣጠም ከነጭስ ማውጫው

እዚህ ኮሎራዶ፣ ዴንቨርና ኦሮራ ላይ የመጀመሪያው ውርጭ ሲወርድ ስልኬ ይጨናነቃል። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፤ ስለ ፈርነስ፣ ቤቱን ስለሚያሞቀው ማሽን። «ፈርነሱ ሞተ። አዲስ በርካሽ አግኝቻለሁ። እኔና ጓደኛዬ ብንገጥመውስ?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ማሽኑን ማቆም፣ ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ማያያዝና የፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቱቦ መዘርጋት እጁ ለሚሠራ ሰው አይከብድም። ጋዙን ማገናኘትና እሳቱን ለክቶ ማስተካከል ግን ላይሰንስ ላለው ባለሙያ ይተው። ምክንያቱን እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

እዚህ የምጽፈው በብዛት ስለሚያጋጥመው ጉዳይ ነው። ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ የቆመ አሮጌ 80 በመቶ ፈርነስ ወጥቶ በምትኩ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሲገባ። ተከራይ ከሆናችሁ ግን ምንም አትንኩ፤ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ።

ቅድሚያ ይህን ያዙ

80 በመቶ ማለት ከተቃጠለው ጋዝ ሙቀት 80 እጁ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ የተረፈው በጭስ ማውጫ ይሄዳል ማለት ነው። ጭሱ ትኩስ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ የብረት ቱቦና እስከ ጣሪያ የሚዘልቅ ቺምኒ ይበቃዋል።

90 በመቶውና ከዚያ በላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ሁለተኛ የሙቀት መለዋወጫ አለው። ከጭሱ ሙቀቱን ጨምቆ ስለሚወስድ በውስጡ ያለው እንፋሎት ውሃ ይሆናል። የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ በራሱ አይወጣም፤ ትንሽ ማራገቢያ ገፍቶ ያስወጣዋል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ቱቦው ውስጥ ግፊት ስላለ ቀዳዳ ካገኘ ጭሱ ወደ ቤት ይገባል። ሁለተኛ፣ ውሃው አሲድነት ስላለው ብረት ይበላል።

ስለዚህ አዲሱን ፈርነስ ከአሮጌው የብረት ቱቦ ወይም ቺምኒ ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይቻልም። የራሱ የፕላስቲክ ቱቦ ይፈልጋል፤ ከማንም ጋር አይጋራም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፈርነሱና አብሮት የሚመጣው የአምራቹ መመሪያ። ከካርቶኑ ጋር አትጣሉት፤ ኢንስፔክተሩ ይጠይቃችኋል።
- ከከተማው የተወሰደ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ)
- ስኬጁል 40 (የቱቦው ግድግዳ የውፍረት ደረጃ ነው) የፒቪሲ ቱቦ፣ 2 ወይም 3 ኢንች፤ ረጅም ኩርባ ያላቸው ኤልቦዎች (የቱቦ ማጠፊያዎች)
- የፒቪሲ ፕራይመርና ሙጫ
- የቱቦ ማንጠልጠያዎች
- ውሃ ማፍሰሻ ቱቦና በኖራ ድንጋይ የተሞላ የአሲድ ማለዘቢያ
- የዳክት ማገናኛ ቆርቆሮ፣ ማስቲክ (የሚቀባ መድፈኛ) እና ፎይል ቴፕ
- ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ድሪል፣ ግድግዳ መብሻ
- በልኩ የሆነ ፊልተር
- የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም፣ ለየፎቁ አንድ አንድ

የጋዝ ግፊት የሚለካው ማኖሜትርና የጭስ መመርመሪያው የባለሙያው ናቸው። ይዞ ካልመጣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ

ጋዝ ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ፣ አታጥፉም። ስልክም ውስጥ ሆናችሁ አትደውሉ። ሁላችሁም ውጡና ከውጭ ሆናችሁ 911 ወይም ጋዝ ኩባንያው ጋ ደውሉ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይሸትም፣ አይታይም። አገር ቤት በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። እዚህም ያው ጋዝ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። ቤተሰቡ በሙሉ አንዴ ከታመመና ከቤት ሲወጣ ከተሻለው ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ቤቱ ከ1980 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የዳክቱን መጋጠሚያዎች እዩ። ወረቀት የሚመስል ነጭ ቴፕ ካለባቸው አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። አትላጡት፣ አትቁረጡት። መጀመሪያ ይመርመር።

አሠራር

1. ፐርሚት አውጡ። ብዙ ከተሞች ሰው ለሚኖርበት የራሱ ቤት ፐርሚት ይሰጣሉ፤ ጋዝን በተመለከተ ግን ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ደውላችሁ ጠይቁ። ያለ ፐርሚት የተገጠመ ፈርነስ ቤት ስትሸጡም ኢንሹራንስ ስትጠይቁም መዘዝ ያመጣል። ዋናው ግን ሥራችሁን ሌላ ዓይን እንዲያየው ነው።

2. መጠኑን አስሉ። የአሮጌውን ቁጥር አይታችሁ ያንኑ አትግዙ። በፊት የተገጠሙት ብዙዎቹ ለቤቱ ከሚገባው በላይ ትልቅ ናቸው። ትልቅ ፈርነስ ቶሎ አሙቆ ቶሎ ይጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ክፍሎቹ እኩል አይሞቁም፣ ማሽኑም ዕድሜው ያጥራል። የቤቱን ስፋት፣ መስኮትና ኢንሱሌሽን ቆጥሮ የሚሠራ ማኑዋል ጄ የሚባል ስሌት አለ፤ እሱን አሠሩ።

ኮሎራዶ ላይ ከፍታውም ይቆጠራል። አየሩ ስስ ስለሆነ ኦክስጅኑ ያንሳል፤ ጋዙ ካልተቀነሰ እሳቱ በደንብ አይቃጠልም። የቆየው ስሌት፣ ከ2,000 ጫማ በላይ ላለ ቤት ከባሕር ወለል ጀምሮ ለየ1,000 ጫማው 4 በመቶ መቀነስ ነው። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ስላለች 20 በመቶ ገደማ ይሆናል። አምራቹ የራሱ ሠንጠረዥ ካለው የሱን ተከተሉ። (አዲስ አበባ ከዴንቨር ከፍ ትላለች ስል የሚከራከረኝ ሰው አላጣሁም። ግን ከፍ ትላለች።)

3. ቺምኒው ላይ ማን እንደሚቀር እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከሁሉም ይልቅ ይሄ ነው።

በአሮጌ ቤቶች ፈርነሱና ዋተር ሂተሩ (የጋዝ ውሃ ማሞቂያው) አንድ ቺምኒ ይጋራሉ። ቺምኒውን ሲያሞቅ የኖረው ትልቁ እሳት፣ ፈርነሱ ነው። እሱ በፒቪሲ በጎን ሲወጣ ዋተር ሂተሩ ብቻውን ይቀራል። የሱ ትንሽ እሳት ያንን ሰፊ ቺምኒ ማሞቅ አይችልም። ጭሱ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ጡቡን ይበላል። ሲብስ ተመልሶ ቤዝመንቱ ውስጥ ይፈስሳል። አዲሱ ፈርነስ ምንም ሳይሆን ቤቱን የሚመርዘው አሮጌው ዋተር ሂተር ነው።

እስካሁን ጭስ ሲመልስ እንደነበር ለማወቅ የዋተር ሂተሩን አናት እዩ። የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ቱቦዎቹ የሚገቡበት ቦታ ላይ የፕላስቲክ ቀለበቶች አሉ። ከቀለጡ ወይም ዙሪያቸው ከዛገ ጭሱ እዚያ ሲመለስ ከርሟል።

መፍትሔው ሦስት ነው። በቺምኒው ውስጥ ለዋተር ሂተሩ ልክ የሆነ የብረት ላይነር (ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ቱቦ) ማስገባት፣ ወይም በማራገቢያ የሚያስወጣ ዋተር ሂተር መግዛት፣ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር። ወጪውን ከፈርነሱ ዋጋ ጋር አብራችሁ ያዙት፤ በኋላ የሚመጣ ዱብ ዕዳ እንዳይሆን።

ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲህ ፈትኑት። በርና መስኮት ዝጉ። የኩሽናና የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያዎችን፣ የልብስ ማድረቂያውንም አስነሱ። ሙቅ ውሃ ከፍታችሁ ዋተር ሂተሩ እንዲነድ አድርጉ። 5 ደቂቃ ጠብቁና ዕጣን አጭሳችሁ አናቱ ላይ ካለው ክፍት ቦታ አጠገብ ያዙ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ። ወደ እናንተ ከተመለሰ ዋተር ሂተሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

4. አሮጌውን አውጡ። ብሬከሩን አውርዱ። የጋዙን ቫልቭ ባለሙያው ይዝጋና ይፍታው። የቴርሞስታቱን ሽቦዎች ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። በሽቦው ቀለም አትመኑ፤ የትኛው ሽቦ የትኛው ፊደል ላይ እንደታሰረ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

5. አዲሱን አቁሙ። ከፍ ያለ ደረቅ መሠረት ላይ ይቁም፤ ቤዝመንት ውሃ መግባቱ አይቀርም። በውሃ ልክ አስተካክሉ። አንዳንድ አምራች ውሃው እንዲወርድ ትንሽ ወደፊት እንዲያዘነብል ያዛል፤ መመሪያውን እዩ። ወደኋላ ካዘነበለ ውሃው ውስጡ ይጠራቀማል። ከፊቱ 30 ኢንች ያህል ቦታ ተዉ፤ ነገ የሚጠግነው ሰው መንበርከክ አለበት። ጋራዥ ውስጥ ከሆነ እሳት የሚነሳበት ክፍል ከወለሉ ቢያንስ 18 ኢንች ከፍ ይበል፤ የቤንዚን ትነት መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።

6. ዳክቱን ግጠሙና ድፈኑ። መጋጠሚያዎቹን በማስቲክ ዝጉ። በተለይ ከቤት አየር ስቦ ወደ ፈርነስ የሚመልሰውን ዳክት። እሱ ክፍተት ካለው የፈርነሱን ክፍል አየር ይስባል፤ አየሩን ሲስብ የዋተር ሂተሩን ጭስ ጎትቶ መኝታ ቤታችሁ ድረስ ያደርሰዋል። ተራው ግራጫ የጨርቅ ቴፕ ለዚህ አይሆንም፤ በሙቀት ደርቆ ይላቀቃል።

7. የጭስ ቱቦውን ዘርጉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

*ስፋትና ርዝመት።* መመሪያው ውስጥ ሠንጠረዥ አለ። የፈርነሱን ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው፤ ፈርነስ ላይ የሚጻፈው የአንድ ሰዓቱ ነው)፣ የቱቦውን ርዝመትና የኤልቦዎቹን ብዛት አይታችሁ 2 ወይስ 3 ኢንች እንደሆነ ትመርጣላችሁ። ኤልቦ በነፃ አይደለም፤ አንዱ 90 ዲግሪ ብዙ ጊዜ 5 ጫማ ያህል ቀጥ ያለ ቱቦ ሆኖ ይቆጠራል። አየር የሚያስገባውም ቱቦ በዚሁ ሠንጠረዥ ይለካል።

*ዝቅታ።* ቱቦው ከውጭ ወደ ፈርነሱ ማዘንበል አለበት። በየጫማው ሩብ ኢንች፤ ለ10 ጫማ ሁለት ኢንች ተኩል። ውሃው ተመልሶ በፈርነሱ ማፍሰሻ እንዲወርድ ነው። ወደ ውጭ ካዘነበለ ጫፉ ላይ በረዶ ሠርቶ አፉን ይዘጋል።

*ማንጠልጠያ።* በየ4 ጫማው ገደማ ያዙት። ማንጠልጠያው ከራቀ ቱቦው መሐሉ ላይ ይረግባል፣ የረገበው ቦታ ውሃ ይይዛል። ማሽኑ ሲሠራ «ቡልቅ ቡልቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከዚያ ውሃው መንገዱን ይዘጋና ግፊቱን የሚከታተለው ፕሬዠር ስዊች ፈርነሱን ያጠፋዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ከዜሮ በታች በሆነ ቀን ነው።

*ማጣበቅ።* መጀመሪያ ያለ ሙጫ ገጣጥማችሁ ልኩን እዩ። የተቆረጠውን አፍ ፍርፋሪ አጽዱ። ፕራይመር ቀቡ፣ ሙጫ ቀቡ፣ ሩብ ዙር እያዞራችሁ አስገቡና 30 ሰከንድ ያህል ያዙ። ክፍተት የምትደፍኑበት ሲሊኮን ሙጫን አይተካም። ፒቪሲ ላይ ብሎን አትምቱ። እያንዳንዱ ቀዳዳ የጭስ መውጫ ነው።

*ውጭ ያለው አፍ።* ከመሬት ሳይሆን ከሚጠበቀው የበረዶ ከፍታ በላይ ቢያንስ 12 ኢንች ይሁን። ከሚከፈት መስኮትና በር ያለው ርቀት እንደ ፈርነሱ ዓይነት ይለያያል። ለማቃጠያ የሚሆነውን አየር ከቤት ውስጥ የሚስብ ከሆነ ከመስኮቱ በታችም በጎንም 4 ጫማ መራቅ አለበት። በሁለት ቱቦ ከውጭ የሚስበው ያንስለታል፤ ቁጥሩን ከመመሪያውና ከከተማው ደንብ ውሰዱ፣ ሁለቱ ከተለያዩ ጥብቁን። ከጋዝ ቆጣሪው መተንፈሻ 3 ጫማ አርቁት። ከበረንዳ ሥር አታውጡት። ሰው የሚሄድበት መንገድ ላይም አይሁን፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ሌሊት በረዶ ሆኖ እናታችሁን ይጥላቸዋል። የጎረቤትንም መስኮት እዩ።

አስገቢውና አስወጪው ቱቦ በአንድ ግድግዳ በኩል ይውጡ፣ ጭሱ የሚወጣበት ከፍ ብሎ። ተቀራርበው ወይም ተገላብጠው ከተገጠሙ ፈርነሱ የራሱን ጭስ መልሶ ይተነፍሳል፣ እሳቱም ይበላሻል።

8. ውሃ ማፍሰሻውን ሥሩ። ትራፑን፣ ማለትም ውሃ ይዞ ጭስ የሚያግደውን ክፍል፣ ፈርነሱ ከመነሳቱ በፊት ውሃ ሙሉት። ባዶ ከሆነ ጭሱ በማፍሰሻው በኩል ወደ ቤት ይገባል። ውሃውን በአሲድ ማለዘቢያው አሳልፋችሁ ወደ ወለል ማፍሰሻ ልቀቁት። ቱቦውን ወደ ውጭ ወይም ሙቀት ወደሌለው ቦታ አትውሰዱ፤ ይረጋል።

9. ኤሌክትሪክ። የራሱ 120 ቮልት መስመርና አጠገቡ ማጥፊያ ይኑረው። ሆትና ኒውትራል እንዳይገላበጡ፣ ግራውንዱም በትክክል እንዲታሰር። ፍሌም ሴንሰሩ እሳት መኖሩን የሚያውቀው በእሳቱ ውስጥ ወደ ግራውንድ በምታልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ግራውንዱ ከላላ ፈርነሱ ይነድዳል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይጠፋል፣ ደግሞ ይሞክራል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ማሽኑን ይራገማል።

10. ጋዙ፣ በባለሙያ። ባለሙያው ሲሠራ ቁሙና እነዚህን እዩ። መዝጊያ ቫልቩ ከፈርነሱ በ6 ጫማ ውስጥ ይሁን። ከቫልቩ በኋላ ቆሻሻ የሚይዝ፣ ወደ ታች የሚወርድ ቢያንስ 3 ኢንች ቱቦ ይኑር። የፈርነሱን ሣጥን ግድግዳ አልፎ የሚገባው ጠንካራ ብረት ይሁን፤ ተጣጣፊው ቱቦ እዚያ ከገባ ማሽኑ ሲንቀጠቀጥ ቆርቆሮው ይቆርጠዋል። መጨረሻ ላይ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና ውሃ ይፈተኑ። አረፋ ከሠራ ይፈታና እንደገና ይታሰራል። በክብሪት የሚፈትን ካጋጠማችሁ አስወጡት።

11. ማስነሳትና መለካት። ባለሙያውን የምትከፍሉት በዋናነት ለዚህ ነው። ለተፈጥሮ ጋዝ ግፊቱ መግቢያው ላይ 7 ኢንች የውሃ ዓምድ ገደማ፣ ማቃጠያው ላይ 3.5 ገደማ መሆን አለበት። ትክክለኛው ቁጥር ፈርነሱ ላይ የተለጠፈው ነው። ፕሮፔን ከሆነ መቀየሪያ ኪት ሳይገባ አይነሳም።

ቆጣሪውም ይታያል። ሌላውን የጋዝ ዕቃ ሁሉ አጥፍታችሁ 1 ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ በስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ ቁጠሩ። የጋዙ ሙቀት በኪዩቢክ ጫማ 1,000 ቢቲዩ ከሆነና 45 ሰከንድ ከፈጀ፣ 3,600 በ1,000 ተባዝቶ ለ45 ሲካፈል 80,000 ቢቲዩ ይመጣል፤ ፈርነሱ በሰዓት የሚያቃጥለው ይህን ያህል ነው። ጋዛችሁ ስንት ቢቲዩ እንደሆነ ኩባንያው ይነግራችኋል።

ከዚያ የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለካል። ገቢና ወጪ አየሩ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም በተለጠፈው ክልል ውስጥ መሆን አለበት። ካለፈ አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ የሙቀት መለዋወጫው ይሰነጠቃል። ቁጥሮቹን በወረቀት አስጽፋችሁ ፈርነሱ ላይ ለጥፉ።

12. አላርሞቹን ስቀሉ። በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች ውጭ። ቡና ሲቆላ ጮኸ ተብሎ የሚወርደው የጭስ አላርሙ ነው። ሁለቱን በአንድ የያዘ ከሆነ ግን እሱን ስታወርዱ የካርቦን ሞኖክሳይዱንም አብራችሁ አወረዳችሁ። ከኩሽናው ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት እንጂ ባትሪውን አታውጡ። ከኋላው የተጻፈውን የማብቂያ ቀንም እዩ።

በየቤቱ የማያቸው ስህተቶች

ቤዝመንት ሲሠራ ፈርነሱንና ዋተር ሂተሩን በድራይዎል መዝጋት። አሁን አሁን ለኪራይ ብሎ ይህን የሚያደርግ በዝቷል። አየሩን ከክፍሉ የሚስብ ዕቃ ለየ1,000 ቢቲዩው 50 ኪዩቢክ ጫማ ክፍል ይፈልጋል። 40,000 ቢቲዩ ዋተር ሂተር 2,000 ኪዩቢክ ጫማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ ኮርኒሱ 8 ጫማ ከሆነ 250 ካሬ ጫማ ስፋት። እናንተ ቁም ሣጥን የምታክል ክፍል ውስጥ ዘጋችሁት። ከጎኑ ያለው ሰፊ ክፍል አየር እንዲሰጠው ከኮርኒሱ በ12 ኢንች ውስጥ አንድ፣ ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ አንድ፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 100 ካሬ ኢንች የሆኑ ክፍት ቦታዎች ይሠሩ።

የዋተር ሂተሩን ነጠላ ብረት ቱቦ ከእንጨት ጋር ማጠጋጋት። 6 ኢንች ይራቅ። ድርቡ ብረት ቱቦ፣ ቢ-ቬንት የሚባለው፣ 1 ኢንች ይበቃዋል።

ፊልተሩን ገልብጦ ማስገባት። ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይጠቁም።

የፈርነሱን በር ስዊች በቴፕ አስሮ በሩን ከፍቶ ማስኬድ። ማራገቢያው ከክፍሉ አየር ስቦ ጭስ ወደ ቤት ያስገባል።

ከተገጠመ በኋላ ውጭውን መርሳት። ከባድ በረዶ በጣለ ቁጥር ሁለቱንም የቱቦ አፎች ውጡና እዩ። መንገዱን በአካፋ ስትጠርጉም በረዶውን ወደ ቱቦዎቹ አትከምሩት።